ፊት ሲያብጥ፣ ሽንት አረፋ ሲይዝ፦ ቆዳ የሚያቀላ ክሬም የሚያመጣው የኩላሊት በሽታ

ጠዋት ስትነሺ የዐይንሽ ዙሪያ አብጦ ፊትሽ የሌላ ሰው የመሰለሽ ቀን አለ? ማታ ጫማሽን ስታወልቂ የካልሲው ጠርዝ እግርሽ ላይ ቦይ ሠርቶ ይቆያል? ሽንትሽስ እንደ ኦሞ ውሃ አረፋ ይዞ አልጠፋ ይልሻል? ከእነዚህ ለአንዱም ቢሆን «አዎ» ካልሽ፣ በተለይ ደግሞ ፊትሽን ለማቅላት ወይም ማድያት ለማጥፋት የምትቀቢው ክሬም ካለ፣ ይህ ጽሑፍ ላንቺ ነው።

የምንነግርሽ ብዙ ሰው ስለማያውቀው አንድ የኩላሊት በሽታ ነው። ሐኪሞች ሜምብራነስ ኔፍሮፓቲ ይሉታል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም በሽታ አይደለም፤ በዓመት ከ100,000 ሰው የሚይዘው አንድ ሰው ገደማ ነው። ታዲያ እንዲህ ጥቂት ሰው የሚይዝ ከሆነ ለምን እናወራዋለን? ከመነሻዎቹ አንዱ ገበያ ላይ የሚሸጥ፣ ጓደኛ ለጓደኛ የምትሰጠው፣ ምናልባትም አሁን ትራስሽ አጠገብ ባለች ትንሽ የክሬም ዕቃ ውስጥ የተቀመጠ ነገር ስለሆነ ነው። ሜርኩሪ ይባላል፤ በአማርኛ ባዜቃ፣ በዐረብኛ ዚእበቅ። ደግሞ ጥሩ ዜናም አለው፦ መነሻው ክሬሙ ከሆነና በጊዜ ከተደረሰበት፣ ክሬሙ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ሳይታወቅ ለዓመታት ከቆየ ግን ኩላሊትን እስከ ማድከምና እስከ ማሽን እጥበት ሊያደርስ ይችላል።

በሽታው ኩላሊት ውስጥ ምን ያደርጋል?

ኩላሊትን እንደ ወንፊት አስቢው። እያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ በዐይን የማይታዩ ማጣሪያዎች አሉ። ደም በእነሱ ውስጥ ሲያልፍ ቆሻሻውና ትርፍ ውሃው ወደ ሽንት ይወርዳል፤ ለሰውነት የሚያስፈልገው ነገር፣ በተለይ አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን፣ ደም ውስጥ ይቀራል። በዚህ በሽታ ግን ሰውነት ራሱን ከበሽታ ሊከላከልበት የሚሠራቸው ነገሮች የማጣሪያው ስስ ሽፋን ላይ ይለጠፋሉ። ሽፋኑ ይጎዳል፣ ወንፊቱ ቀዳዳው የሰፋ ያህል ይሆንና ፕሮቲኑ ወደ ሽንት ይፈስሳል። ጤነኛ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ በሽንቱ የሚያወጣው ፕሮቲን ከ150 ሚሊግራም አይበልጥም። በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው ግን ከ3.5 ግራም በላይ ሊያወጣ ይችላል፤ ከ20 እጥፍ በላይ ማለት ነው።

አልቡሚን ውሃውን ደም ሥር ውስጥ ይዞ የሚያቆይልን እሱ ነው። ሲያንስ ውሃው ከደም ሥር እየወጣ ቆዳ ሥር ይጠራቀማል። ተኝተሽ ስታድሪ ፊትሽና ዐይንሽ ዙሪያ ይሰበሰባል፤ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ስትሠሪ ደግሞ ወደ እግርሽ ይወርዳል። ለዚህ ነው ጠዋት ፊት፣ ማታ እግር የሚያብጠው። ቁርጭምጭሚትሽን በአውራ ጣትሽ ለጥቂት ሰከንድ ተጫኚውና ልቀቂው፤ ጉድጓድ ሠርቶ ከቆየ ያ ውሃ ነው። የሽንቱ አረፋም ምስጢር የለውም፤ የእንቁላል ነጩ ሲመታ እንደሚኮፈስ ሁሉ ፕሮቲን ያለበት ሽንትም አረፋ ይይዛል።

አንድ ነገር ልብ በዪ፦ ይህ በሽታ አያምም። ብዙዎቻችን ኩላሊት ሲባል ጎን የሚወጋ፣ ወገብ የሚይዝ ነገር ነው የምናስበው። ጎን የሚወጋው ብዙ ጊዜ ጠጠር ወይም ኢንፌክሽን ነው። ይሄኛው ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚሠራው። ስለዚህም ሌላ ስም ይሰጠዋል፤ አንዷ «ምች ነው» ትላለች፣ ሌላዋ «የኤሲ ብርድ ነው» ትላለች። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከአገር ቤት የሚመጣው ነው። በኢሞ ስትደውዪ እናትሽ የሞላ ፊትሽን አይታ «እሰይ ልጄ፣ ወፈርሽ፣ ተመችቶሻል!» ትልሻለች። አንቺም አታስጨንቂያትም፣ ዝም ትያለሽ። ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ 5 ኪሎ ከጨመረ ግን፣ ምግቡም እንደ ድሮው ከሆነ፣ ያ ምቾት ሳይሆን ውሃ ሊሆን ይችላል።

ክሬሙ ከኩላሊት ጋር ምን አገናኘው?

ቆዳችንን ጠይም የሚያደርገው ሜላኒን የሚባል ቀለም ነው። ሜርኩሪ ቆዳ ይህን ቀለም እንዳይሠራ ያግዳል። ስለዚህ ክሬሙ «ይሠራል»፤ ውሸት አይደለም፣ ፊት ይቀላል፣ ማድያቱም ይጠፋል። ችግሩ ሜርኩሪው ቆዳ ላይ አይቀርም። በቆዳ ዘልቆ ወደ ደም ይገባል፤ ከተቀባው ፊት ላይ እየተነነም በትንፋሽ ይገባል። ከዚያ በብዛት የሚጠራቀመው ኩላሊት ውስጥ ነው።

ይህ ዛሬ የተሰማ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የታተመ የናይሮቢ ጥናት ነበር። ሐኪሞቹ ሰውነታቸው አብጦ፣ ፕሮቲን በሽንታቸው እየፈሰሰ የመጡ 60 ሰዎችን አዩ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሜርኩሪ ያለበት ማቅያ ክሬም ይቀቡ ነበር። ጎረቤታችን ኬንያ ነው፣ ከ50 ዓመት በፊት።

በቅርቡ ደግሞ በደቡብ ሕንድ፣ ኬረላ ግዛት ውስጥ ማላፑራም የምትባል ወረዳ ተመሳሳይ ነገር ታየ። ማላፑራም ልክ እንደ እኛ ብዙ ሰው ለሥራ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሄድባት ቦታ ናት። ከሐምሌ 2021 እስከ መስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ድረስ አንድ ሆስፒታል ውስጥ በሜምብራነስ ኔፍሮፓቲ የተያዙ 22 ሰዎች ተመዘገቡ። ከእነሱ 15ቱ ላይ ኔል-1 የሚባል፣ ብዙ ጊዜ የማይታይ ዓይነት ምልክት ተገኘ። ከ15ቱ ደግሞ 13ቱ ቆዳ የሚያቀላ ክሬም እንደሚቀቡ ተናገሩ። አብዛኞቹ ክሬሙን ሲያቆሙ ተሻላቸው። እዚህ ላይ ቁም ነገሩ ሐኪሞቹ ጠየቁ፣ ታማሚዎቹም ሳይደብቁ መለሱ። ባይጠየቅ ኖሮ «መነሻው ያልታወቀ» ተብሎ ጠንካራ መድኃኒት ሊታዘዝላቸው፣ ክሬሙም እቤታቸው እየጠበቃቸው ሊቀር ይችል ነበር።

መንግሥታትም ያውቁታል። በጃፓኗ ሚናማታ ከተማ ስም የተሰየመው ዓለም አቀፍ የሜርኩሪ ስምምነት ከ2020 በኋላ በአንድ ኪሎ ክሬም ውስጥ ከ1 ሚሊግራም በላይ ሜርኩሪ ያለባቸው የቆዳ ማቅያዎች እንዳይመረቱና ከአገር አገር እንዳይሸጡ ከልክሏል። በ2023 ደግሞ አባል አገሮቹ ሜርኩሪ የተጨመረባቸውን መዋቢያዎች በሙሉ እስከ 2025 ለማስቆም ተስማምተዋል። ገበያው ግን አልሰማም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሜርኩሪ ያለባቸው ክሬሞች ከመቶ ከ1 እስከ 10 እጅ የሚሆነው ይዘታቸው የሜርኩሪ ውህድ ነው። ከተፈቀደው ወሰን በሺዎች እጥፍ ማለት ነው።

የኔ ክሬም ሜርኩሪ አለበት ወይስ የለበትም?

በማየትና በማሽተት አታውቂውም። ውድ መሆኑ፣ ሱቁ ማማሩ፣ ከታይላንድ ወይም ከፓኪስታን መምጣቱ፣ «ተፈጥሯዊ ነው» መባሉ ማረጋገጫ አይሆንም። ግን የሚያስጠረጥሩ ነገሮች አሉ።

መጀመሪያ ዕቃውን ገልብጠሽ አንብቢው። ሜርኩሪ፣ ሜርኩሪክ፣ ሜርኩረስ ክሎራይድ፣ ካሎሜል፣ አሞኒየትድ ሜርኩሪ ወይም በዐረብኛ ዚእበቅ የሚል ካለ ነገሩ አለቀ። በላቲን ፊደል ምልክቱ ኤች እና ትንሿ ጂ ናት። ማንበብ ካልቻልሽ የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥተሽ ለፋርማሲ ሠራተኛ አሳዪ። ሁለተኛው ምልክት ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው፦ «ከወርቅ፣ ከብር፣ ከአሉሚኒየም ወይም ከጎማ ጋር አይነካካ» የሚል ማስጠንቀቂያ። ተራ የፊት ክሬም ወርቅሽን ምን ያደርገዋል? ሜርኩሪ ግን ከወርቅ ጋር ይጣበቃል፤ ስለዚህ ነው ቀለበትና ሐብል አውልቂ የሚሉት። ሦስተኛው፣ ምንም ጽሑፍ የሌለው፣ በባዶ ዕቃ የተሞላ፣ በቲክቶክ ወይም በዋትሳፕ የሚሸጥ፣ ሴቶች ቤት ውስጥ የሚቀላቅሉት ኸልጣ ነው። ኸልጣ ውስጥ ምን እንዳለ የቀላቀለችውም በትክክል አታውቅም። አራተኛው ፍጥነቱ ነው፤ «በ7 ቀን ትቀያለሽ» የሚል ነገር ወይ ሜርኩሪ ወይ ጠንካራ የስቴሮይድ መድኃኒት የመያዝ ዕድሉ ትልቅ ነው።

ስቴሮይድ ያለባቸው ክሬሞች የራሳቸው ጣጣ አላቸው፤ ቆዳን ያሳሳሉ፣ ብጉርና ፀጉር ያበዛሉ። ስለ እነሱ ሌላ ጊዜ እንጽፋለን። የሜርኩሪ ክሬም ግን ከኩላሊት ውጭም ምልክት አለው፦ እጅ መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ያለ ምክንያት መናደድ ወይም ማዘን፣ ጣት መደንዘዝ፣ የደም ግፊት መጨመር። የቤት ሠራተኛ ሆኖ እንቅልፍ ያላጣና ያልተናደደ ማን አለ ብትዪ አንፈርድብሽም፤ ብቻ ከክሬሙ ጋር አብሮ የመጣ ከሆነ ለሐኪም ንገሪ።

አሰሪዋ ሰጥታሽ የምትጠቀሚም ትኖሪያለሽ። ማዳሟ ራሷ ትቀባውና የተረፈውን «ውሰጂ» ትልሻለች። በክፋት ላይሆን ይችላል፤ የራሷ ኩላሊትም ያው አደጋ ውስጥ ነው። ሜርኩሪው ከተቀባ ሰው ቆዳ፣ ከፎጣና ከትራስ ልብስ ወደ ቤቱ ሰው ይተላለፋል። ፊትሽን ተቀብተሽ ሕፃን ስታቅፊ፣ ጉንጭሽን ሲስምሽ፣ እጅሽን ሳትታጠቢ ወተቱን ስታዘጋጂ ለልጁም ይደርሰዋል። እርጉዝ ከሆንሽ ደግሞ ወደ ፅንሱ ያልፋል።

እንዴት ታረጋግጫለሽ?

አረፋ አንድ ቀን ታየ ብለሽ አትደንግጪ። ሽንት ተይዞ ቆይቶ በኃይል ሲወርድ አረፋ ይሠራል። እኛ ደግሞ ሽንት ቤቱን ቀኑን ሙሉ በክሎርና በሳሙና የምናጥብ ሰዎች ነን፤ የሳሙናው ርዝራዥ ራሱ ያኮፍሳል። ንጹሕ የሚጣል ኩባያ ውስጥ ሸንተሽ እዪው። አረፋው ለብዙ ደቂቃ ሳይጠፋ ከቆየና ይሄ ለቀናት ከተደጋገመ ምርመራ ያስፈልግሻል።

ምርመራው ቀላልና ርካሽ ነው፤ ተራ የሽንት ምርመራ። ጠዋት ስትነሺ የመጀመሪያውን ሽንት ስጪ፤ በወር አበባ ቀን ባይሆን ይሻላል። ሐኪሙን በዐረብኛ እንዲህ በዪው፦ «ወጅሂ ሙተወሪም፣ ፊል በውል ረግዋ» ማለት ፊቴ አብጧል፣ ሽንቴ አረፋ አለው ነው። «አብጋ ተሕሊል በውል፣ ዙላል» ማለት ደግሞ የሽንት ምርመራ፣ የፕሮቲን፣ እፈልጋለሁ ነው። ሊባኖስ ያለሽ «ቢዲ ፈሕስ በውል» በዪ። ኩላሊት «ኩላ» ይባላል፣ ማቅያ ክሬም «ክሬም ተብዪድ» ነው።

ከቤት መውጣት ካልተፈቀደልሽ ወይም ኢቃማ ከሌለሽ፣ ፋርማሲዎች የሽንት መመርመሪያ ወረቀት ይሸጣሉ። ወረቀቱን ሽንት ውስጥ ነክረሽ የቀለሙን ለውጥ ከዕቃው ላይ ካለው ሥዕል ጋር ታመሳስያለሽ። የእርግዝና ምርመራ ወረቀት እንደሚገዛው ሁሉ ጓደኛ ልትገዛልሽ ትችላለች። ፕሮቲን የሚለው መስመር ሁለት ወይም ሦስት መደመር ካሳየ ወደ ሐኪም የምትሄጂበትን መንገድ ዛሬውኑ ፈልጊ። ወረቀቱ የሚያሳየው ፕሮቲን መኖሩን ብቻ ነው፤ መነሻውን አይነግርሽም።

አሁን የምንልሽን በደንብ ያዢ። ብዙ ክሊኒክ «ኩላሊቷ ይታይ» ሲባል ክሪያቲኒን የሚባለውን የደም ምርመራ ብቻ ያያል። በዚህ በሽታ መጀመሪያ ላይ ክሪያቲኒን ደኅና ሊሆን ይችላል። «ኩላሊትሽ ምንም አልሆነም» ብለው ሊመልሱሽ ነው ማለት ነው፣ ፕሮቲኑ እየፈሰሰም። ስለዚህ «ሽንቱስ? ዙላልስ?» ብለሽ ጠይቂ። በደም ደግሞ አልቡሚንና ኮሌስትሮል እንዲታይ ጠይቂ፤ በዚህ በሽታ አልቡሚኑ ይወርዳል፣ ኮሌስትሮሉ ይወጣል።

ማበጥ ሁሉ ከክሬም አይመጣም፤ ልብ፣ ጉበት፣ እርግዝና፣ ስኳር፣ ሌላም የኩላሊት በሽታ ያሳብጣል። እርጉዝ ከሆንሽና ፊትሽ አብጦ ራስሽን ካመመሽ ያ በራሱ የአስቸኳይ ሕክምና ጉዳይ ነው። ክሬም የማትቀቢም ብትሆኚ ካበጥሽ መመርመር አለብሽ።

ሐኪም ፊት ስትቀርቢ

ክሬሙን ንገሪው። ሳይጠይቅሽም ቢሆን። ዕቃውን ይዘሽ ሂጂ፤ ካልቻልሽ ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አንሺ። ስንት ወር እንደተቀባሽ፣ በቀን ስንቴ፣ ፊት ብቻ ይሁን ገላ ሙሉ ተናገሪ። ሴቶች ይህን ለመናገር ያፍራሉ፤ «ሐበሻ ሆና ልትቀላ» የሚል ሳቅ ይፈራሉ። ሐኪሙ ግን የሚፈልገው መነሻውን ነው፤ ያንን መረጃ ከአንቺ ሌላ የሚሰጠው የለም። ከአገር ቤት ያመጣሽውን ወይም ከሕንድ ሱቅ የገዛሽውን የባህል መድኃኒትም ጨምሪ፤ አንዳንዱ ውስጥ ሜርኩሪ ተገኝቶበታል።

ሐኪሙ የሄፓታይተስ፣ የሉፐስና ሌሎች ምርመራዎችን ሊያዝ ይችላል፤ እነሱም ይህንኑ በሽታ ስለሚያመጡ ነው። ሜርኩሪውን በሽንት ወይም በደም መለካት ይቻላል። በመጨረሻ ባዮፕሲ ሊባል ይችላል፤ ቦታው በመርፌ ደንዝዞ ከኩላሊት የክር ያህል ቁራጭ ይወሰዳል፣ ከዚያ ለሰዓታት ተኝተሽ ትቆያለሽ። ኩላሊት ማውጣት አይደለም። ይህን የምንለው ስለ ኩላሊት ስርቆት በሚወራው ወሬ ፈርተው ከሆስፒታል የሚወጡ ስላሉ ነው። ፍርሃቱ ይገባናል፤ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ በስልክ አማርኛ የምትችል ሰው አገናኚ፣ ወረቀቱ ምን እንደሚል ሳይነገርሽ አትፈርሚ።

ሕክምናው ክሬሙን በማቆም ይጀምራል። እብጠቱን በሽንት የሚያስወጣ ኪኒን፣ የፕሮቲኑን መፍሰስ የሚቀንስ የደም ግፊት ዓይነት ኪኒን ይታዘዛል። ግፊት የለብኝም ብለሽ ይሄን ኪኒን አትጣዪው፣ እዚህ የታዘዘው ለኩላሊቱ ነው፤ እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ለማርገዝ ካሰብሽ ግን አስቀድመሽ ተናገሪ፣ ፅንስን ይጎዳል። ለአንዳንዱ ሰው ሜርኩሪውን የሚያስወጣ ወይም የሰውነትን መከላከያ የሚያበርድ መድኃኒት ይጨመራል፤ እሱን የሚወስነው የኩላሊት ሐኪም ነው። ፕሮቲኑ በአንድ ሳምንት አይቆምም፣ ወራት ይፈጃል። ተሻለኝ ብለሽ ምርመራውን አታቋርጪ።

በዚህ መሃል ጨው ቀንሺ። ጨው ሲባል የምትነሰንሺው ብቻ አይደለም፤ ማጊ፣ ኢንዶሚ፣ የታሸገ አይብና የወይራ ኮምጣጤ ዋናዎቹ የጨው ምንጮች ናቸው። ለራስ ምታት ብሩፈን ወይም ዲክሎፌናክ ቮልታሪን አትውሰጂ፣ የተጎዳ ኩላሊት ላይ ይጨምራሉ፤ በልክ የሚወሰድ ፓናዶል ይሻላል። ጾም ላይ ከሆንሽ፣ የዐቢይ ጾምም ይሁን ረመዳን፣ ኪኒኑን እንዴት እንደምትወስጂ ሐኪሙን ጠይቂ። ጸበልም የምትጠጪ ከሆነ ጠጪ፣ መድኃኒቱን ግን አትተዪ።

የማይጠበቅበት ምልክትም አለ። በዚህ በሽታ ደም የመርጋት ጠባይ ያመጣል። አንዱ እግር ብቻ ከሌላው በልጦ አብጦ ካመመሽ፣ ድንገት ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽ ወይም ደም ካሳለሽ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ነገ ዕረፍቴ ነው አይባልም። ሽንት በጣም ከቀነሰ፣ ከፍተኛ ትኩሳት ከያዘሽም እንዲሁ።

ክሬሙን ስታቆሚ

እውነቱን እንንገርሽ፤ ቀለምሽ ይመለሳል። ማድያቱም ሊመለስ ይችላል፣ ለጥቂት ሳምንታት ከበፊቱ የጠቆርሽ ሊመስልሽ ይችላል። ብዙዎች እዚህ ላይ ነው ተሸንፈው እንደገና የሚጀምሩት። ለማድያት የቆዳ ሐኪም የሚያዛቸው ሜርኩሪ የሌለባቸው መድኃኒቶች አሉ፤ ልብስ ስታሰጪ፣ በረንዳ ስታጥቢ የፀሐይ መከላከያ መቀባትና ሻሽ ወደ ፊት መሳብም ያግዛል።

ዕቃውን ጓደኛሽ እንዳትወስደው፣ ሲንክ ውስጥም አታፍስሺው። ክዳኑን አጥብቀሽ በሁለት ፌስታል እሰሪውና ከመኝታ ክፍልሽና ከልጆች አርቀሽ ለሐኪም እስክታሳዪው አቆዪ። የተነካካውን ፎጣና የትራስ ልብስ ከሕፃናት ልብስ ጋር አንድ ላይ አታጥቢ፤ ብትችዪ አብረሽ አሽገሽ አስወግጂው።

ወጪውን ማን ይሸፍናል?

በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ አሰሪው ሕክምናሽን እንዲሸፍን ወይም የጤና ኢንሹራንስ እንዲያስገባልሽ ያዛል። በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ አለሽ፤ የመጀመሪያዎቹ 15 ቀናት በሙሉ ደመወዝ፣ የቀሩት ያለ ክፍያ። ከጥር 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ መኖሪያ ፈቃድ ለማውጣትና ለማደስ ኢንሹራንስ ግዴታ ነው፤ ስለዚህ ካርድሽን ጠይቂ። በኳታር የ2017ቱ ሕግ ቁጥር 15፣ በኩዌት የ2015ቱ ሕግ ቁጥር 68 የሕክምናን ነገር በአሰሪው ላይ ይጥላሉ። በሊባኖስ አሰሪ የሥራ ፈቃድ ስታወጣ ኢንሹራንስ ትገዛለች፤ ያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሆስፒታል ለሚተኛ ሰው እንጂ ለተራ የክሊኒክ ምርመራ ላያገለግል ይችላል። ሕጉ ወረቀት ላይ መኖሩና ማዳሟ መኪና አስነሥታ መውሰዷ አንድ እንዳልሆነ እናውቃለን።

ስትጠይቂያት ማስረጃ ይዘሽ ጠይቂ። ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ፊትሽንና እግርሽን ፎቶ አንሺ፤ ቤት ውስጥ ሚዛን ካለ ኪሎሽን ጻፊ። «ታምሜያለሁ» ከማለት ይልቅ ፎቶውን አሳይተሽ «የሽንት ምርመራ ብቻ ነው የምፈልገው» ማለት ይቀላል፤ ብዙ አሰሪ የሚፈራው ትልቅ ወጪ ነው። ክሬሙ ከእሷ የመጣ ከሆነ ለመክሰስ ሳይሆን ለማስጠንቀቅ ንገሪያት፤ ልጆቿን የሚነካ ነገር መሆኑን ስትሰማ የምታዳምጥ ትኖራለች። እምቢ ካለች ለኤጀንሲሽ በጽሑፍ መልእክት ላኪ፤ ቀኑ የሚታይበት መልእክት ኋላ ይጠቅምሻል። ሳዑዲ ውስጥ ከሆንሽ የጤና ሚኒስቴር የምክር መስመር 937 ነው።

ወደ አገር ቤት ለመመለስ ከወሰንሽ የምርመራ ወረቀቶችሽን በሙሉ፣ የባዮፕሲውን ውጤት ጭምር፣ ቅጂ ሳትቀበዪ አትውጪ፤ ስልክሽ ላይም ፎቶ አንሥተሽ ለቤተሰብ ላኪ። አዲስ አበባ ውስጥ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ሕክምና አለው፤ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ንቅለ ተከላ የሚሠራበት ማዕከል ነው። ዳግማዊ ምኒልክና ዘውዲቱ ሆስፒታሎች የኩላሊት እጥበት ይሰጣሉ። ወረቀት ይዛ የመጣች ሰው ምርመራውን ከዜሮ አትጀምርም፤ ሐኪሙም ስለ ሜርኩሪ የሚያውቀው ከዚያ ወረቀት ነው።

ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽ ወይም ራስሽን ከሳትሽ አምቡላንስ የሚጠራባቸው ቁጥሮች፦ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬቶች 998፣ ኩዌት 112፣ ኳታር 999፣ ባሕሬን 999፣ ኦማን 9999፣ ዮርዳኖስ 911፣ ሊባኖስ ቀይ መስቀል 140። ስልክሽ ላይ «አምቡላንስ» ብለሽ አሁን መዝግቢው፤ አብራሽ ለምትሠራውም አሳያት።